አጭር አፈሙዝ

ኩራዝ አይቀርብም እዚህ። የቤቱ ሕግ ይህ ነው።
ባሩድ ባለበት ጓዳ ብርሃን የምይዘው
እኔ ነኝ፤ በስልኬ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ፣
«ወደ ቀኝ በይው» ሲል፣ «ዝቅ በይ» እያለ ሲያዝዝ።

ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጣል። ከቦዬ ረግረግ ወዲያ
አንድ ጉማሬ ያጓራል፤ ከዚያ ዝም። ከዚያ
የአባቴ ትንፋሽ ብቻ፣
የሞረዱ ክርት ክርታ፣
የቀልሃ ኮሽታ።

አባ ዱራ ነው ስሙ፤ ጠመንጃው ግን ስም ይቀድመዋል፣
«ባለ ጎመዱ» ሲሉት ነው ሰፈሩ የሚያውቀው።
አያቴ የተወው ምንሽር ነበረ፣ ቁመተ ሎጋ፤
አጎቴ ተማም ቆረጠው በብረት መጋዝ አንድ ለሊት ሲነጋ፣
አፈሙዙንም ሰደፉንም፣ ከጋቢ ስር እንዲገባ፣
በአንድ እጅ እንዲያዝ፣ እንደ ሽጉጥ።
ለምን እንደቆረጠው የሚያውቅ የለም። ወይ የሚናገር የለም።
መቀርቀሪያው ብቻ ያው የጥንቱ ነው፤
ይሳባል፣ ይመለሳል፣ ይዘጋል፣
እንደ አሮጌ መስጊድ በር ክብደቱን አውቆ።

ሰባት ቀልሃ አለን። ሰባት ብቻ።
ገበያ ወጥቶ አይገኝም የእነዚህ አቻ፤
ስለዚህ የተተኮሰው ከሣር መሃል ይለቀማል፣
በሎሚ ይታጠባል፣ በአመድ ይፈተጋል፣
እንደ ሙሽራ አምባር እስኪያበራ።
አባቴ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።
ይቺ ሁለት ቀን በቆሎ ውስጥ የጠፋችው፣
ይቺ ፍየሏ አኝካ የተፋቻት፣
ይቺ ደግሞ (ይላል፣ ይተወዋል)።

ሚዛኑ የእናቴ አባት ነው፣ የአጋሮው አንጥረኛ፤
ጉትቻ የለመደ ሚዛን፣ ዛሬ እንደ ኑግ የጠቆረ ቅንጣት ይሸከማል።
«ቀንሺ» ይለኛል። «ትንሽ። ገና። አሁንም ትንሽ።
ይህ ባሩድ ለረጅም መንገድ ነው የተፈጠረ፤
መንገዱ ሲያጥርበት፣ ነዶ ሳይጨርስ ወጥቶ
ደጅ ላይ ይቃጠላል ጨለማውን አብርቶ።
እርሳሱ ይሰንፋል፣ እሳቱ ይበዛል፣
ጩኸቱ ይቀራል።»

ጩኸቱ የቀረው በቀኝ ጆሮው ነው።
ለዚህ ነው ሁልጊዜ በግራው በኩል የምቀመጠው።

አምና በጥቅምት፣ ከርከሮ በቆሎውን ሲያርሰው፣
ሳንቀንስ የሞላነውን ተኮሰው።
ቦዬ ለአንድ ቅጽበት ቀን ሆነ፤
እያንዳንዱን ቅጠል አየሁ፣
ከርከሮውን አየሁ፣ ከነጭቃው፣ ከነጥርሱ፣
እንደኛው ክው ብሎ።
ከዚያ ጨለማው በእጥፍ ተመለሰ።
አልሞተም። አልሸሸም እንኳ፤ ብርሃኑ አሳውሮት መሰለኝ፣
እዚያው ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል።
አባቴ አይሰማም። «ሄደ?» አለኝ።
«ሄደ» አልኩት።

አጎቴ ተማምም እንዲሁ ነበር ይላሉ።
በር ላይ ቆሞ የጀመራት ቃል ሳታልቅ
የቦንጋ ጭነት መኪና ጡሩንባ ነፋ፤
አስራ አንድ ዓመት ሆነ። ቃሏ ደጃችን ላይ አለች፣
አንዳንድ ማታ አባቴ ሲረግጣት አያለሁ።

ጥፍሩን በቀልሃዋ አንገት ዙሪያ ያዞራል፤
አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ።
«ከእንግዲህ ስድስት» ይላል፣ አይጥላትም፣
ከሸሚዙ ኪስ ይከታታል፣ ከመነጽሩ ጋር።

እኔም ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ይዣለሁ፣ ጢም ብሎ የሞላ።
ትኬቱ ከስልኬ ጀርባ ነው፣ ከሽፋኑ ስር፤
ነገ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት፣ መናኸሪያ።
ይኸው በእሱው ላይ ነው የማበራለት።
በግራ ጆሮው ተጠጋሁ፤
መዘንኩ፣ ቀነስኩ፣ ገና ቀነስኩ፣
እስኪቀር ድረስ
«አባ» ብቻ።

«ምን አልሽ?» አለ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ።

«ልክ ነው» አልኩት። «አይጨመር።»