ገና ነው

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ሱንድስቫል፣ ሌሊቱ መጨለም ሲጀምር፣
አራት ቁጥር አውቶቡሴን አስረክቤ በወንዙ በኩል ስሻገር፣
የሆኪው አዳራሽ የጓሮ በር በእንጨት ተደግፎ ተከፍቷል፤
ከውስጥ የሚወጣው ብርድ እስከ መንገዱ ይጣራል።
ገባሁ። ማንም አልከለከለኝ።
ዘጠኝ ዓመት ከኪሴ ከፍዬ ብርድ የገረፈኝ
ሰው ነኝ፤ የቤቱ ልጅ ነኝ።

ሥራው ዘንድሮ ዘግይቷል፣ የማቀዝቀዣው ሞተር ታሞ።
ኡልፍ የሚሉት ሠራተኛ፣ ከቱቦው ጋር ብቻውን ቆሞ፣
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፤
የቀዘቀዘውን ሲሚንቶ በስሱ በስሱ ያርሳል።
"መቼ ነው የሚረጋው?" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ፤
"ገና ነው" አለ። በስዊድንኛ ነው ያለው፤ ጆሮዬ ነው "ገና" ያሰኘኝ።

ገና እኛ ዘንድ ዱላም ነው፣ ቆልመም ያለ፣ ከጫካ የተቆረጠ፤
ጥንግ ነው፣ በአቧራው መሃል ከስንት ቁርጭምጭሚት ያመለጠ።
"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ የተረተው ሰው
ሲክስተንን፣ የወንበር ጎረቤቴን፣ ዳኛው ሲያፏጭ አላየው።

ሲክስተን የወረቀት ፋብሪካ ጡረተኛ ነው፣ ሰባ አንዱን ደፈነ።
መጋቢት ላይ፣ አምስት ለዜሮ፣ ተስፋችን እንደ ጉም በነነ፤
ያኔ ሻርፑን ጠቅልሎ ሰጠኝና "በቃኝ፣ ላንተ ይሁን" አለ፤
"ከእንግዲህ ቅዳሜዬን ለእንጉዳይ ለቀማ" ብሎ ማለ።
ትናንት ትኬት ልገዛ ብሄድ፣ ከሁሉ ፊት ማን ተሰልፏል?
ሻርፑን ልመልስለት ስል፣ አንገቱ ላይ ሌላ ጠምጥሟል።

እስቲ እንቁጠር፤ ማን ቀረ? ማን ሄደ?
አምበላችን ወደ ስዊዘርላንድ፣ ደሞዝ ተከትሎ ነጎደ።
የበረኛው የሄንሪክ ጉልበት ሁለት ጊዜ ተቀደደ፤
"እንደ አዲስ ሆኗል" ይላል ጋዜጣው።
ጋዜጣው ምን ጉልበት አለው?
ከስሎቫኪያ የመጣው አጥቂ፣ ስሙን ጠርቼ ያልጨረስኩት፣
በወዳጅነት ጨዋታ ሁለት አገባ፤ እኔ ግን ለማመን ዘገየሁበት።
ተከላካዮቻችን?
እንደ አሮጌ አጥር ናቸው፤ ፍየል አይመልሱም።
ይህን ለሲክስተን አልነገርኩም።

አንድ ልጅ ግን አለ፣ ቪልጎት፣ አሥራ ስምንት ያልሞላው፤
ዱላው ከቁመቱ በልጦ የአውቶቡሴን ጣራ ሲመታ የማውቀው፣
"ይቅርታ" ሳይል የማይወርድ፣ አፍንጫው ሁሌ የቀላ።
አሁን ስሙ ከትልልቆቹ ጋር ተጽፏል፣ ከአሰልጣኙ ምርጦች ኋላ።
ልቤን ተው እለዋለሁ፤
አይሰማም፤ አመሉን አውቀዋለሁ።

አምና በፈረቃ ወረቀቴ ጀርባ ትንቢት ጽፌ ነበር፣
"ሦስተኛ እንሆናለን" ብዬ። አሥራ አንደኛ ሆንን፣ ከመውረድ በአንድ ነጥብ ዳር።
ካቻምናም ያው ነው። ዋሽቶ የማያፍር ነቢይ ቢፈለግ፣ እኔ ነኝ፤
ጉኒላ፣ የሌላው ቡድን ደጋፊ፣ ሻይ ክፍል ለጥፋው ዓመቱን ሙሉ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ ደግሜ ስሄድ፣ ኡልፍ ተንበርክኮ ቀለም ሲቀባ ነበር፣
ከበረዶው ሥር የሚቀረውን፣ ያንን ቀይ የመሃል መስመር።
ከላዩ ሌላ ውሃ ይመጣል፣ ሌላ ሌሊት፣ ሌላ ብርድ፤
እሱ ካለበት አይነቃነቅ፣ እኛ ከላይ ስንወጣ ስንወርድ።

የመጀመሪያው ጨዋታ በእኛ መስከረም ሁለት ይውላል።
ዓመቱም ውሃ፣ ቡድኑም ውሃ፤ ማን አስቀድሞ ይረጋ ይሆናል?
ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁ። "ስምንተኛ" ብዬ ጻፍኩ።
ትንሽ ቆየሁ። ሰረዝኩ። "ስድስተኛ"። እሱንም ሰረዝኩ።
ኡልፍ "በሩን ልዘጋው ነው" ሲል፣ ጫማዬ ጠርዙን ነክቶ
አየሁት፤ ገና ነው ውሃው፣ ዳር ዳሩ ብቻ ረግቶ።