ግማሽ ቀን

የላኩኝ ለጥርስ ነው፤ ለማሽን ጥርስ፣
ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ሰባት ቁጥር ላይ፣ ሱፍ ስታባዝት ለረገፈው ጥርስ።
ስምንት ቀን በዘይት አለፈ፣ ከብረት ጋር ፊት ለፊት፤
ልሳፈር ግማሽ ቀን ሲቀረኝ፣ «ዙር» አሉኝ፣ «ከተማዋን እያት»።

ፕራግ። በአፍ ስትጠራ ቀላል፣ በእግር ግን ድንጋይ፤
ዳገት ቁልቁል፣ ቁልቁል ዳገት፣ ልክ እንደኛው ሸዋ ላይ።
ብርዱ እንኳን አላስደነገጠኝ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣
የኅዳር ውርጭ የቀጣኝ፣ የሐምሌ ጉም ፊት ያጠበኝ።

አስጎብኚዋ ያና ትባላለች፤ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ
አሥራ ስምንታችንን ትነዳናለች፣ እንደ ገበያ ቀን መንጋ።
«ይህ ቤተ መንግሥት ነው» ትላለች። ቀና እንላለን። «ይህ ካቴድራል»።
ቀና እንላለን። ታሪክ ለካ በአንገት ይከፈላል።

ድልድዩ ላይ፣ ከግራ ከቀኝ፣ የድንጋይ ቅዱሳን ቆመው፣
በትከሻቸው ርግብ አሳርፈው፣ በራሳቸው ጥላሸት ተሸክመው።
አንዱ ሥር ሰው ተሰልፏል። ከግርጌው የናስ ሰሌዳ፣
ዳር ዳሩ የጠቆረ ሌሊት፣ እጅ የዳሰሰው ማለዳ።
«የነካ ይመለሳል» አለች ያና። እኔም ነካሁ፣ ለሥርዓቱ።
ስለት ግን አልተሳልኩም፤ ባዳ ነኛ ለታቦቱ።

ሰዓቱ ጋ ስንደርስ ሕዝብ፣ ስልኩን እንደ ጧፍ አንስቶ፤
አፅም ደወል ይደውላል፣ ሐዋርያት በመስኮት ያልፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ተክቶ።
ከዚያ ዶሮ ይጮኻል፤ አለቀ። ለዚህ ነው የተጋፋነው?
«ቆይ» አለች ያና ፊቴን አይታ፣ «ዋናውማ ውጪኛው ቀለበት ነው፤
ድሮ እዚህ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከጠለቀች ወዲህ ነበር፤
አሁን ይህን የሚያነብ የለም፣ ከሙዚየም ሰው በቀር።»

ሳቅኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። እንዴት ላስረዳት? በየትኛው ቃል?
የእጅ ሰዓቴን አሳየኋት፤ የሷ አንድ፣ የእኔ ሰባት ይላል።
«እኛ» አልኳት፣ «ሲመሽ አንድ ብለን እንጀምራለን፤
ሙዚየም ሳንገባ፣ እስከ ዛሬ እንቆጥራለን።»

ጃንጥላዋ ወረደ። «ከተማህ» አለች፣ «ስንት ዓመት ሆናት?»
«አምስት መቶ ከምናምን። መናገሻ ነበረች፣ ንጉሥ ከትሞባት።»
«ታዲያ ምን አለ የሚጎበኝ?»
            እዚህ ላይ ምላሴ ታሰረ።
ጉም ልበል? በግ ልበል? ግንብ የሚሉት የለን፣ እንጨቱ ከነሣሩ በስብሶ ቀረ።
«ብርሃን» አልኩ ኋላ ላይ፣ «ወረደባት ይባላል፣ ስሟም ከዚያ ነው።»
«ብርሃኑስ የት ነው?» አለች፣ የቲኬት ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።
አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ።

ተመለስኩ፤ ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጉምሩክ ላይ ተከራክሬ፣
ለጎረቤት ቸኮሌት፣ ለራሴ ጥያቄዋን ቋጥሬ።
እትዬ የሺመቤት «ምን አየህ?» አሉኝ። «ሰዓት» አልኩ። «ሰዓትማ እዚህም አለ፤
ለሰዓት ነው እንዴ ያ ሁሉ ሰማይ የተዘለለ?»

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ማንም ሳያውቅብኝ፣ ከመናኸሪያው ጀመርኩ፤
ግማሽ ቀን ለራሴ ሰጥቼ፣ እንደ ባዳ በገዛ ከተማዬ ዞርኩ።
አንገቴን ቀና አደረግኩ። ጉም። ቀና አደረግኩ። የመብራት ሽቦ፤
ከሥሩ ባጃጅ፣ ከኋላ ወንበር ጠቦት ተቀምጧል፣ ባለቤቱን አጅቦ።
ሥላሴ ደጅ ተሳለምኩና አንድ ቆብ ያጠለቁ አባት ጠየቅኩ፣
«የነገሥታቱ ግቢ የት ነበር?» ብዬ።
«የቆምክበት ይሆናል» አሉኝ። «ወይም ያንተ ቤት፣ ልጄ።»

እግሬ ለምዶበት ፋብሪካው ወሰደኝ።
ዘበኛው ከፈተልኝ። ማሽኖቹ ዝም ብለዋል፤
ሰባት ቁጥር አፏን ከፍታ። ጥርሷን ገጠምኩላት።
ብሎኑን አጠበቅኩ። ላስነሳት እጄን ስዘረጋ
እጀታዋን አየሁት፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጨበጥኩት፣ ሲመሽ ሲነጋ።
ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ ዝጓል። መሀሉን ግን፣
ጋሽ ጥላዬ ሳይሞት የያዘው፣ ከሱ በፊት እነ ወርቅያንሱ፣
ስማቸውን የማላውቃቸው የሌሊት ፈረቃ ሰዎች፣ ከዚያም እኔ፣
መሀሉን ብርሃን መትቶታል።

አላስነሳኋትም። ሰኞ ትነሳ።
መዳፌን ላዩ ላይ ትንሽ አቆየሁና ወጣሁ።
ውጭ ጉሙ ወርዷል፤ የዘበኛው ፋኖስ ብቻ ይታያል።
«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ።
«አንድ» አልኩት።