ከካፖርቶቹ ጀርባ

ሸክላውን ሎሪስ ነው ትናንት ያመጣልኝ፣
የባለፋርማሲው ልጅ፣ ወተትና ዳቦ የሚገዛልኝ።
ሽፋኑ ላይ ፊት የለም፤ ብርማ ክብ ብቻ።
«ኔሪና፣ ያንቺ ዘመን ነገር ነው፤ ስሚው» አለኝ።
ሳቅሁ።
እኔ መች ሰማሁት፣ ያን የኔን ዘመን?

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በሪሚኒ ዳርቻ፣
«እንሽላሊት» በሚሉት ጭፈራ ቤት፣ ከአንዲት መስኮት ኋላ ብቻ፣
ካፖርት ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ ኖርሁ፤
የሰው ትከሻ ምን ያህል እንደሚከብድ በክንዴ ተማርሁ።
የጠበቃው ሱፍ፣ የዓሣ አጥማጁ ጃኬት፣
የሙሽራይቱ ካባ፣ ከኪሱ ያሾለከ የባቡር ቲኬት፤
ሁሉን እሰቅላለሁ፣ ትከሻ ለትከሻ፤
ከጀርባቸው ግንብ፣ ከግንቡ ጀርባ ዘፈን፣ እስከ ሌሊቱ መጨረሻ።

ሱፍ ግን ድምፅ ይበላል። ይህን ማንም አይነግራችሁም።
ሦስት መቶ ካፖርት ከተደረደረ ቫዮሊን አያልፍም፤
ጥሩምባው ይሰጥማል፣ የዘፋኟ ቃል ይቀራል፣
ቤዙ ብቻ ይሻገራል።
ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣
እንደ ጎረቤት ልብ፣ በእኩለ ሌሊት።

ይኸው ነበር የኔ ዲስኮ፤
ወገብ እንጂ ራስ የሌለው፣
እግር እንጂ ፊት የሌለው።
አንዳንዴ፣ ያረፈደ ሰው የውስጡን በር ሲከፍተው፣
ብርሃኑ ከነድምፁ ይዘረገፋል፤ ለሦስት ትንፋሽ ያህል፣
ጊታር፣ ጭብጨባ፣ የሴት ሳቅ።
ከዚያ በሩ ይዘጋል።
እኔም ቁጥር መቶ አሥራ አራትን እፈልጋለሁ።

አሁን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የኅዳር ዝናብ።
የባሕሩ ጃንጥላዎች ተነቅለዋል፣ ሆቴሎቹ ተዘግተዋል፣
ማሞቂያውን እስኪመሽ አልከፍትም፤ ውድ ነው።
ካፖርቴን እንደለበስሁ፣ ኩሽናዬ ውስጥ፣
ማዳመጫውን አጠለቅሁ፤ መርፌዋን አሳረፍሁ።

የመጀመሪያውን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደድሁትም።
ጥርት ያለ ነው፤ ከመጠን በላይ ጥርት ያለ፤ ላብ አይሸትም።
ከበሮው ማሽን ነው፤ አይደክመው፣ አይጠማው።
ሁለተኛው ላይ ግን ቫዮሊኖቹ ወረዱ፣ እንደ ርግብ መንጋ ከጣሪያ፤
ቀና ብዬ አየሁ፤ ከአምፖሌ ሌላ ምንም የለም።
ለካ ከጭንቅላታቸው በላይ ይህ ሁሉ ነበረ?
ለካ ለዚህ ነው፣ ንጋት ላይ ካፖርታቸውን ሲወስዱ፣
ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር የቀረ?

ሸክላውን ገለበጥሁ።
አምስተኛው ሲጀምር ማዳመጫው የተበላሸ መሰለኝ፤
ሎሪስን ልጠራ ስልኩን አነሣሁ።
ቫዮሊኑ ሰጥሟል፣ የዘፋኟ ቃል ቀርቷል፤
ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣
ቤዙ ብቻ።
ክንዴ ሳላዝዘው ተዘረጋ፣ ክብደት ሊቀበል።

ይህን ቦታ አውቀዋለሁ!
ይህ ከካፖርቶቹ ጀርባ ነው፤ ይህ የኔ በርጩማ ነው፤
ይህን የሠራ ልጅ፣ ምናልባት ሠላሳ ያልሞላው፣
ማን ነግሮት ነው እዚህ አጠገቤ የተቀመጠው?
(«ፊልተር ይባላል» አለኝ ሎሪስ ኋላ፤
«ቁልፍ ጠምዝዘሽ የላይኛውን ድምፅ ትቆርጪዋለሽ።»
ይሁንለት። እኔ ሱፍ ነው የምለው።)

ከዚያ በሩ ተከፈተ።
ቀስ እያለ፣ በስንጥቁ መጀመሪያ ጭብጨባው፣
ቀጥሎ ጊታሩ፣ ቀጥሎ የሴቲቱ ድምፅ፣
ከዚያ ሁሉም፣ ሁሉም፣
እንደ ወደብ መብራት ባንዴ።
ሦስት ትንፋሽ ቆጠርሁ፤ ልማዴ ነው፤ እስኪዘጋ።
አራት። አምስት።
ያ ልጅ በሩን ይዞታል፤ በትከሻው ደግፎ፣
ግቢ እንጂ፣ እንደሚል ሰው።

ካፖርቴን አወለቅሁ።
ወንበሩ ላይ ሰቀልሁት፤ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ከታች ሲኞር ባልዳሳሬ በመጥረጊያው እንጨት
ጣሪያውን ይደበድባል፤ ምቱንም ስቶታል።
ምን ይፈረድበታል።
ለሱ ዱም ዱሙ ብቻ ነው የሚደርሰው።