አይሻ ላይ እንቁም

ከሁላችን በፊት ያወቀው ቆቡ ነው፣
የምድር ባቡር ቆቡ፤ አንድ ጠዋት ጠበበው።
«ታጥቦ ነው» አለ ሮብሌ፣ በሚስቱ አመካኘ፤
ዓመት ሲሞላው እጁ ጉብታውን አገኘ፦
የእንቁላል እኩሌታ፣ ከግንባሩ ከፍ ብሎ፣
ሳያም ሳያሳክክ የተኛ ተደላድሎ።

ፎቶው ከሐረር መጣ፤ በመስኮት ብርሃን አየነው።
አጥንት ቦርቡሮ ቤት የሠራ፣ ከመጽሐፌ ግርጌ
በደቃቅ ፊደል የሰፈረ፣ ብርቅ ዕጢ ነው።

«ይወጣል» አለች ትንግርት።
እኔ፣ ሥራዬ ማደንዘዝ፣ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ጣልኩት።
ቀጭ... ቀጭ... ከልቡ በሮች አንዱ ብረት ሆኖ ይመታል፤
ክኒን ደሙን ካላቀጠነው እዚያ ብረት ላይ ይረጋል፤
ካቀጠነው ደግሞ፣ ራሱ ሲከፈት ማን ያቆመዋል?

ደቻቱን ያየ ያውቀዋል፦ አሸዋ ነው ዓመት ሙሉ፣
ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመሎች ያቋርጣሉ፤
ከተራራው የዘነበ ቀን፣ አንድ ሌሊት ግን...
ያንን ሌሊት ነበር የፈራን።

ሦስት ቀን ተሟገትን። ራሱን ያዳነ ልቡን ይጥላል፣
ልቡን ያዳነ ራሱን።
በአራተኛው እሱኑ ጠየቅን።

«ሐዲድ ቀያሪ ነበርኩ» አለ። «ሁለት ባቡር ባንድ መስመር
ከመጣ፣ አንዱን ጥግ ማስያዝ ነው፣ ሌላው እስኪሻገር።
ደሞስ ጅቡቲ ካልደረስን ማን አለ?
አይሻ ላይ እንቁም፤ አይሻም ውኃ አለ።»

ክኒኑን በመርፌ ተካን፤ መርፌውንም በሌሊት
ሰዓት ቆጥረን ነጠቅነው። እንቅልፌን ልቡ አይችልም፤
ቆዳውን ብቻ አደነዘዝኩት።
በድሬ ልማድ «አንተ» ብዬ፣ «ጣቢያዎቹን ጥራልኝ» አልኩት፣
«ድምፅህ እንዳይርቀኝ ድንገት።»

«ሽንሌ» አለ። መጋዙ ተነሣ።
«ሚሎ።» የአጥንት ዱቄት፣ ውኃ፣ የራሰ ፋሻ።
«አዲጋላ» ሲል ደሙ መጣ፤
ትንግርት በጣቷ ያዘችው።
እኔ ብረቱን እቆጥራለሁ፣ ቀጭ... ቀጭ...
ሮብሌ ዝም አለ።

«ሮብሌ! የት ደረስክ?»

«ቆይ» አለ፣ «ትኬት እየታየ ነው።»
ነርሷ ኢፍቱ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።
ከዚያ፣ «አይሻ።»
ከትልቁ የደም ሥር የተጣበቀች አንዲት ስስ ገለባ ቀርታለች።
ትንግርት አየቻት፤
መቁረጫዋን አስቀመጠች።

በሦስተኛው ወር ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ አገኘሁት፤
ቆቡን አዘንብሎ ደፍቷል። «አሁንም ጠበበህ?» አልኩት።
«ይኸው ደግሞ ሰፋ» አለ፤ ጋዜጣ አጥፎ ከቶበት።

ገለባዋ እዚያው ናት። በየስድስት ወሩ ፎቶ ይነሣል።
ክኒኑን በሻይ ዋጠ።
ባጃጅ አለፈና መንገዱ ጭር ሲል
ሰማሁት፤
ቀጭ... ቀጭ...