ደቻቱና ዘቡ

አባቴ ባቡር ጋራዥ፣ መፍቻ እንደጨበጠ፤
ወንድሜ ረምዚ ሳቢያን ሜዳ፣ ኳስ ተከትሎ እንደሮጠ፣
አንድ ሞት ሞቱ።

የኔም ልብ ደቻቱ፦
ዓመት ሙሉ አሸዋ፣ ግመል የሚያቋርጠው፣
አንድ ሌሊት ጎርፍ፣ ሰፈር የሚውጠው።

«የቤታችሁ ውርስ ነው» ብለው
ከደረቴ ቆዳ ሥር ዘብ ቀጠሩልኝ፣
የክብሪት ቀፎ የሚያክል፣ ልቤን በሽቦ የሚያዳምጥ።

ዘቡ ግን ደንባራ ነው።
ቀፊራ ዘይቱን ሳስመዝን፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣
ከየት ኮሽታ እንደሰማ፣ «ጎርፍ መጣ!» አለ፤
እንደ በቅሎ ረገጠኝ።
ሻጯ ዘይቱኑን አንድ በአንድ ለቀመች።
ሐኪሙ፦ «ሽቦው ተልጦ ነው፤ ዋሽቶታል።»

ኅዳር ላይ ጎርፉ እውን መጣ።
በዚያው ዱላ ተነሣሁ።

ዘቡን እንዳላሰናብት ደቻቱን አውቃለሁ፤
እንዳላምነው ደግሞ ዱላውን ቀምሻለሁ።

ትናንት ልጄ ኢፍቱ እጇን አሳረፈችበት፦
«አባ፣ ተኝቷል?»
«እሱ አይተኛም» አልኳት።
እኔም።