የወንዜ ልጆች

ደቻቱን በበጋ ያየ፣ ወንዝ ነው ብሎ አይምልም፤
የያዘው ውሃ ቢለካ፣ ቁርጭምጭሚት አያህልም።
ከከዚራ ወደ መጋላ፣ ጫማ አውልቆ የሚሻገር
የለም፤ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ይዘለዋል በአንድ እግር።
ጎርፍ ሲሆን ያውቅበታል ሰው፤ ልጁን አዝሎ ይሸሻል፤
እያሳሳቀ የሚወስደው ግን፣ ድምፁን መች ያሰማል?

እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጎንበስ ብዬ እቀዳለሁ፤
የተቀቀለ ጠርሙሴን፣ በረዶ ሣጥን አኖራለሁ።
አንዱን ከድልድዩ ሥር፣ አንዱን ከፋብሪካው ቱቦ፣
አንዱን ከቄራው በታች፣ ደምና አረፋ ተሳስቦ፣
አራተኛውን ከሆስፒታሉ ቦይ፣
አምስተኛውን ከኢፍቱ ጉድጓድ።

ሰኞ የተነከረው ጨርቅ፣ ማክሰኞ ወንዙን ይነክራል፤
አንድ ቀን ሐምራዊ ይሆናል፣ ሌላ ቀን ከሰማይ ያምራል።
ልጆች «ዛሬ ምን ይለብሳል?» ብለው ይወራረዳሉ፤
ቀይ ያሉት የረቱ ለት፣ የቢጫን ብይ ይበላሉ።

ኢፍቱ አብዶሽ አሸዋ ምሳ፣ ክንድ ተኩል ጉድጓድ አላት፤
«አሸዋ ያጠራዋል» ትላለች፤ ሲጠራም በዐይኗ አይታለች፣ እውነት።
ሰላጣዋ እዚያ ይታጠባል፣ የሰው ጫት እዚያ ይረጥባል፤
ለበርጫ ከነጤዛው ደርሶ፣ «ዛሬ ነው!» ተብሎ ይቃማል።

ማታ በቤተ ሙከራ፣ ሳህኗን ገልጬ ስቆጥር፣
ነጥብ ከነጥብ ተጋፍቶ፣ ቦታ ጠፋ ለጥፍር።
አርባ፣ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ... ዐይኔም ጣቴም ሰለቸ፤
ቅጹ ላይ «ከቁጥር በላይ» የሚል ሰበብ ተመቸ።
ክሮሙን ለብቻው ጻፍኩ፤ እሱ በሳህን አይበቅልም፤
ቢያፈሉትም አይሞትም።
አለቃዬ አነበበና፣ ማኅተም መታ። «ይሄ» አለኝ፣
«ወንዝ አያሻግርም፣ ወንድሜ። በጀት የለም።» ብሎ ሸኘኝ።

በቀደም ኢፍቱ ጠየቀችኝ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፦
«ሁለት ዓመት ቀዳህ፤ ምን አገኘህ?» ቀና ብላ ዐይኔን አየች።
የጀርሙ ስም በአፌ ከበደ። እንዲያው ለመቀለድ ብዬ
«የወንዜ ልጆች» አልኳት፣ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ይዤ።
«በሚሊዮን ናቸው። ከእኛው ሆድ የወጡ፤
በአሸዋሽ አልፈው፣ በሰላጣሽ፣ ወደ ሆዳችን የሚመጡ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።
አምና በሐምሌ፣ ረምላዋን፣ ሦስት ቀን ሙሉ አስቀመጣት፤
በአራተኛው ጠብታ እንኳ፣ ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት።
«ማክሰኞ ነበር» አለችኝ። «ስትቀዳ አይቼሃለሁ።
ጉድጓዴን ልድፈነው? እሺ። ከዚያስ ከየት እቀዳለሁ?»

ምን ልመልስ? ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ ነው ሥራዬ፤
ቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፣ ከነማኅተሙ፣ ከነፊርማዬ።
አምስተኛውን ጠርሙስ ከፍቼ
እዚያው ከእግሯ ሥር ደፋሁት።
አሸዋው እንደ ለመደው፣ ምን አለበት ሳይል ጠጣ፤
ከድልድዩ ላይ ልጅ ጮኸ፦ «ቢጫ ነው! ብይህን አምጣ!»