ሐይቁ ያለበት ዕዳ

አማቴ ካልዩ፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ፣
ፔይፑስ ሐይቅ ውስጥ ነው ግማሹ ንብረቱ።
በፊት ቢላው ገባ፣ ቀንድ እጀታ ያለው፣
ከዚያም ፔርሙሱ፣ ሻይ እስከ አፉ ሞልቶት፣ ገና ሳይቀምሰው።
ቀጥሎ መነጽሩ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣
አምና ደግሞ ጥርሱ፣ ሐኪም የሠራለት፣ ሲስቅ በኤንዴል ላይ።
«አሁን ዓሣው ሁሉ መነጽሬን ሰክቶ፣
ሻዬን ፉት እያለ፣
በገዛ ጥርሴ ነው የሚስቅብኝ» ይላል «ጓዳው ተኝቶ።»

ሚስቱ ሳልሜ ግን በገንዘብ ቀልድ የላት፤
ዋጋውን ከነሳንቲሙ በወጥ ቤት ደብተር ትጽፋለች
«ሐይቁ ያለበት ዕዳ» የሚል ርእስ ሰጥታ፣ በቀይ አስምራበት።

መጋቢት ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ አትሞቅም፤
እንደ ሀብታም ዘመድ
ጥርሷን ታሳያለች፣ እጇን ግን አትፈታም።
ሦስት ሆነን ወጣን በኤንዴል የበረዶ ሞተር፣
አንድ ሐሙስ በቀረው፣
ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያጓራ በነበር።

ካልዩ እቅፉ ላይ አዲስ መሰርሰሪያ፣ የልደት ስጦታ፣
ሳልሜ የገዛችው ከጡረታዋ ላይ አንዷን ወር ሠውታ።
«ገመድ እሰርበት» ብላው ነበር ጠዋት፤
«ሕፃን ነኝ ወይ እኔ?» ብሎ ተቆጣት።

ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ፣ በረዶው ሲበሳ፣
መሰርሰሪያው ሄደ
የቀኝ ጓንቱን ይዞ፣ ድምፅ እንኳ ሳያነሳ።

ኤንዴል ሳቀ። እኔ ግን አማች ነኝ፣
ሳቄን ዋጥኩት፤ እንደ ትኩስ ድንች ጉሮሮዬን ፈጀኝ።
ካልዩ ቃል ሳይወጣው በደረቱ ተኛ፣
ክንዱን እስከ ብብቱ ውኃው ውስጥ ከተተ፣
የሐይቁን ኪስ ዳሰሰ እንደ ሌሊት ቀማኛ።
ጆሮው በረዶው ላይ እንደ ተለጠፈ
ድንገት መዳሰሱን ተወ።
«ዝም በሉ» አለን።
እኛ ጋ ነፋስ ነው።
እሱ የሰማው ግን
ከሩቅ፣ ከታች፣ ከጥልቁ፣
አንድ ሰው አቡጀዴ ሲቀድ፣ ቀስ ብሎ፣ በልኩ።

«ተነሱ!»
ኤንዴል የሞተሩን ገመድ ሳበ። አንዴ። ሁለቴ። ሰባቴ።
አልነሳም አለ።
(አንድ ሐሙስ የቀረው ነው ብዬ ነበር፤
ቀኑም ሐሙስ ነበር።)
«ተወው!» አለ ካልዩ።
«ሁለት ሺህ ዩሮ ነው!»
«ቀብርህስ ስንት ነው?»
ኤንዴል አሰበበት። እውነቴን ነው፣ አሰበበት፣
ከዚያ ገመዱን ለቀቀው።

ሳንሮጥ ተጓዝን፣ ተራርቀን፣
በውርስ የተጣላን ወንድማማች መስለን፣
እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው እግራችንን እያቀለልን።
ከኋላችን በረዶው አፉን ከፈተ፣
መጀመሪያ ስንዝር፣
ቀጥሎ ክንድ፣
ከዚያ ጥቁር ውኃ፣ ጀልባ የሚያሳልፍ መንገድ።
ሞተሩ ብቻውን ማዶ ቆሞ ነበር።
አፍንጫውን ደፋ፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው፣
ገባ።
ተነሥቶ ቢሆንስ ኖሮ? ማንም አላነሳው፤
ጥያቄው ግን እስከ ዳር ድረስ
አራተኛ ሰው ሆኖ አብሮን ተራመደ።

ማታ ሳልሜ በሩን ከፍታ
«ምን ያዝህ?» አለችው።
«እኔማ አልያዝኩም» አለ፣
«ጉንፋን ነው የያዘኝ።»
ጓንት የሌለው ቀኝ እጁን አየችው፣
ደብተሯን አወጣች፣
የመሰርሰሪያውን ዋጋ ጻፈች፣ የጓንቱን ጻፈች፣
ብዕሯን አንስታ ብዙ ቆየች።

ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ ገልጬ አየሁት።
በወዲያኛው ዓምድ፣
በዚህ ሁሉ ዓመት ባዶ በነበረው፣
«ሐይቁ የመለሰው» ትላለች፣
«አንድ ባል፣ እርጥብ።
አንድ አማች።
ኤንዴል።»

ቅዳሜ ካልዩ ሌላ መሰርሰሪያ ገዛ፣
ገመድ አሰረበት፣ ከአንጓው ጋር ቋጠረው፣
ሦስት ጊዜ ጎትቶ ጥብቀቱን ፈተሸው፣
ለሳልሜም በመስኮት ከፍ አድርጎ አሳያት፣
መኪናውን አስነሥቶ በኩራት ሄደ፤

አዲሱን ፔርሙስ
ጣሪያው ላይ እንደረሳው።
ሐይቁ ጋ እንኳ አልደረሰም፤
የመጀመሪያው መታጠፊያ ወሰደው።